የኤደን ሙግት በበቆሎ ፍሬ

ባሌ ራህመቶ ለሙግቱ ያሰበው ወጪ አንድ ሙክት ነበር። አንድ ሙክት ብቻ! ያውም እጓሮ ታስሮ የሚቀለብ፣ እኔ በእጄ ያሳደግሁት። «ሽማግሌ ምን ይከፈለዋል? ነገሩን ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ በልቶ መርቆ ይሄዳል» ይለኛል። እኔም አመንኩት። ምን ላድርግ? በትውልድ አገራችን በወሎም ሆነ እዚህ አዳማ፣ ሽማግሌ ለቃሉ ዋጋ ሲጠይቅ ያየ ሰው የለም። ቢጠይቅስ ማን ደግሞ ይጠራዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ራህመቶ ቆዳ ነጋዴ ነው። ከአቦምሳ በኩል በአህያ የሚመጣውን የከብት ቆዳ ይገዛል፤ ጆቴ የሚባለው ሠራተኛችን ጨው ነስንሶ ያደርቀዋል፤ ከዚያ ባቡር ጣቢያው ላይ ለሙሴ ያኒ ያስረክባል። ሙሴ ያኒ ግሪክ ነው፤ ባሕር ማዶ፣ ማርሴይ በሚባል ከተማ ላለ ኩባንያ ቆዳ ይሰበስባል። የንግሡ በዓል በተከበረበት በጥቅምት 1923 የሺህ ስምንት መቶ ብር ቆዳ አስረከብነው። ያለን ጥሪት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። በኅዳር «ቆዳው በስብሷል፣ ትል በልቶታል፣ ሰባራ ቤሳ አንከፍልም» የሚል ደብዳቤ መጣ።

የበሰበሰ ቆዳ! ጆቴ ጨው ሲነሰንስ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ፤ እንኳን ትል ዝንብም አላረፈበት። ኋላ እንደሰማነው በዚያ ዓመት የቆዳ ዋጋ በዓለም ሁሉ ወድቆ ኖሯል። የማርሴይ ሰዎች በድሮ ዋጋ የገዙትን ላለመክፈል ትል ፈጠሩልን።

ውሉ ላይ ደግሞ ራህመቶ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አትሟል። ጠብ ቢነሳ አገር ውስጥ ያለ ዳኛ አያየውም፤ ከጅቡቲ ማዶ ኤደን ወደብ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጡለታል። አንዱን እኛ እንመርጣለን፣ አንዱን እነሱ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ ሽማግሌዎች ይመርጡታል። ደብዳቤው በደረሰ በአርባ ቀን ውስጥ «እሟገታለሁ» ብሎ በቴሌግራም ያላስታወቀ ሰው ነገሩ ለዘለዓለም ቀረበት። ይህ ሲነበብለት ራህመቶ ምን አለ መሰላችሁ? «ፈረንጅም እንደኛው በሽማግሌ ያምናል ለካ!» ብሎ ደስ አለው።

ስለዚህ አልቸኮለም። ሠላሳ ቀን ሙሉ ገበያው ላይ ሲደነፋ ከረመ። «ኤደን እወርዳለሁ! ባሕር ተሻግሬ አፋቸውን አሲዛቸዋለሁ! እኔ ራህመቶ የበሰበሰ ቆዳ አልሸጥም!» ይላል። የሚያደንቀው ነበር፤ ከኋላው አፍንጫውን ይዞ የሚስቅም ነበር። አንዱን እንዲያ ሲያደርግ አይቼው ጥምጣሙን ከራሱ ላይ ገፍፌ አቧራ ላይ ጣልኩበት። ምላሴም እጄም እንደማያርፉ አዳማ ያውቃል።

ሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጧት፣ ጎረቤታችን አያ ደሊል መጡ። እሳቸው በወጣትነታቸው ኤደን ወርደው፣ ለአንድ ሕንድ ጠበቃ ሻንጣ ተሸካሚና በር ጠባቂ ሆነው ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሽማግሌ እንዲመርጡልን ነበር ያስጠራናቸው። ራህመቶ በኩራት ሙክቱን አሳያቸው።

አያ ደሊል ሙክቱን አዩ፣ ራህመቶን አዩ። «በመርከብ ልትወስደው ነው?» አሉ።

«ምነው አያ ደሊል?»

«እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ሙክት አይበሉም፣ ልጄ። በቀን ሒሳብ ነው የሚከፈላቸው። ተቀምጠው ቢያዛጉም ይቆጠራል።»

የራህመቶ ፊት ዐመድ መሰለ። «ስንት?» አለ።

«እሱን ቁጭ ብሎ መተመን ነው። የነሱ ብቻ መሰለህ? ጠበቃ አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ባቡርና መርከብ አለ።»

ራህመቶ «ቤቱን እሸጣለሁ» አለ። «ቤቱን የሚፈልገው ነጋዴ ኑሬ ሺህ ስድስት መቶ ልክፈል ብሎኛል፤ ነገ ብሩን ይዞ ና እለዋለሁ።»

ያ ረቢ! ከጣቢያው ጀርባ ያለችው ይህች ቤት ሁለት ክፍልና አንድ መጋዘን ናት፤ ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። ሰባት ዓመት ቆጥበን የሠራናት፣ አራት ልጆች የሚያድጉባት ናት። «ልጆቼን የት ልታደርጋቸው ነው? ሐዲዱ ላይ?» አልኩት። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፤ ለኤደን ብር ብለህ የአዳማ ቤት ትሸጣለህ?»

«የብር ነገር አይደለም። ስሜ ነው።»

«ስምህ ዝናብ ያስጥላል?»

አያ ደሊል ገላገሉን። ወጪው ይታወቅ፣ ከዚያ ትወስናላችሁ አሉ። ራህመቶም ቁርጡን ተናገረ። «ወጪው እነሱ የከለከሉኝን ሺህ ስምንት መቶ ብር ካለፈ፣ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ካላለፈ ግን ቤቱ ይሸጣል፤ አንቺም አታስቆሚኝም።» ወላሂ ብሎ ማለ። እኔንም ማይ አለኝ። ማልኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? በሆዴ ግን ያልፋል ብዬ ነበር።

አያ ደሊል ወረቀት ሲጠይቁ ራህመቶ እምቢ አለ። «ወረቀት አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። በዓይኔ የማየውን ነው የማምነው።» ስለዚህ ገበያ ላይ እኛ ሴቶች እንደምናደርገው አደረግን። አንድ የበቆሎ ፍሬ ዐሥር ብር ሆነ፤ ፍሬው የሚገባበት ቅል ቀረበ። መቶ ሰማንያ ፍሬ የተከለከልነው ገንዘብ ነው። ከዚያ ካለፈ ቤቴ ዳነች።

«ባቡር» አሉ አያ ደሊል። «አንተና ምስክርህ ጆቴ፣ እስከ ጅቡቲ ደርሶ መልስ፣ ሦስተኛ ማዕረግ፤ ስምንት ፍሬ። መርከብ፣ ስድስት። ለሁለት ሰው የሁለት ወር ምግብና ማደሪያ፣ አሥራ ስድስት።»

«ሁለት ወር ምን ልሠራ?» አለ ራህመቶ።

«ልትጠብቅ ነዋ! ሦስተኛው ሽማግሌ እስኪመረጥ ብቻ ሦስት ሳምንት ነው። ጠበቃ፣ አርባ። አስተርጓሚ ከነወረቀት ትርጉሙ፣ ዐሥር። አሁን ሽማግሌዎቹ፦ የራስህን ሽማግሌ አንተ ትከፍላለህ፣ ሠላሳ። የሦስተኛውን እኩሌታ ትከፍላለህ፣ አሥራ አምስት።»

«የነሱንም ሽማግሌ እኔ ልክፈል እንዴ?»

«የነሱን እነሱ። ለአዳራሹና ለጸሐፊው አሥራ ሁለት። ቴሌግራም፣ አምስት። ከዚያ ደግሞ ያልታሰበው አለ።»

«ያልታሰበውን እንዴት አድርገን እናስበው?» አልኩ እኔ።

«ጠበቃው ጌታዬ ሁልጊዜ ከዐሥር አንድ ይጨምር ነበር። መርከብ ይቀራል፣ ዳኛ ይታመማል። አሥራ አራት ጣይ።»

ጣልኩ። እያንዳንዷን ስጥል በሆዴ እቆጥር ነበር። ራህመቶም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ዱዓ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። አያ ደሊል ድምሩን አልጠየቁም፤ ለድሬዳዋ ባቡር ቸኩለው ነበር። «ነገ ከጁምዓ በኋላ ኑሬም ባለበት፣ ሙሉብርሃን ይቁጠርላችሁ» ብለው ሄዱ። ሙሉብርሃን የጣቢያው ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው፤ ቴሌግራሙን የሚመታው እሱ ስለሆነ ውሳኔውን እዚያው ሰምቶ ሊሄድ ነው። የቅሉን አፍ በጨርቅ አስሬ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት።

መቶ ሃምሳ ስድስት ነበር። መቶ ሃምሳ ስድስት! ሃያ አራት ፍሬ ጎደለኝ። ያን ቀን ሁለት ገንቦ ሰበርኩ። ቤት ሸጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሁለት ወር ኖሮ፣ ቢረታ እንኳ የሚተርፈው ሁለት መቶ አርባ ብር! ባይረታስ? ግድግዳውን እያየሁ የልጆቼን መኝታ የት እንደማነጥፍ አሰብኩ።

ዓርብ ጧት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ራህመቶ መደርደሪያው አጠገብ ቆሟል። «ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ጉንዳን ገብቶበት እንደሁ ብዬ ነው» አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። የሚሄድበት ቀን ስለደረሰ ከኔ መለየቱ የከበደው መስሎኝ አዘንኩለት፤ ግን ጨከንኩ።

ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። ከከረጢቱ በቆሎ ዘግኜ ቆጠርኩ። ሃያ አምስት ይበቃኝ ነበር። ቢሳሳትስ ሰውየው፣ ፍሬ ቢወድቅበትስ ብዬ ሠላሳ አደረግሁት። ጨርቁን ፈትቼ ከተትኩ፣ መልሼ አሰርኩ። መሐላዬ ትዝ ሲለኝ አስተግፊሩላህ አልኩ፤ ግን አላወጣሁትም። ቤቴን አልሰጥም ብያለሁ አልሰጥም!

ከሶላት በኋላ መጡ። ኑሬ ብሩን በበቅሎ ጭኖ ነው የመጣው። ሺህ ስድስት መቶ ጠገራ ብር ቀላል ሸክም አይደለም፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ አወረደውና ደጃፌ ላይ አስቀመጠው። ኑሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ገና ሳይገዛት ጣራዋን ቀና ብሎ እያየ የዛገውን ቆርቆሮ ሲቆጥር ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

ሙሉብርሃን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ቅሉን ገለበጠ። ፍሬውን ዐሥር ዐሥር እያደረገ መደርደር ጀመረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ራህመቶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ጥግ ላይ ነኝ።

«መቶ ሃምሳ» አለ ሙሉብርሃን። ኑሬ ፈገግ አለ። «መቶ ስልሳ። መቶ ሰባ።» ራህመቶ ግንባሩን ጠረገ። «መቶ ሰማንያ። አሁንም አለ።»

አለፈ። አለፈልኝ! ስድስት ፍሬ ብቻ ይቀራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «መቶ ዘጠና» አለ። «ሁለት መቶ።» ደነገጥኩ። «ሁለት መቶ ዐሥር። አንዲት ተረፈች። ሁለት መቶ አሥራ አንድ።»

እኔ ቸኩዬ ስዘግን ቁጥር የተምታታብኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ ራህመቶን ሳየው እሱም ዓይኑን በልጥጦ እኔን ያየኛል። ወጪው ነው ያስደነገጠው አልኩ። ጭራሽ አሳዘነኝ።

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዐሥር ብር» አለ ሙሉብርሃን። «አቶ ራህመቶ፣ ቴሌግራሙ ይቅር?»

ራህመቶ «ይቅር» አለ። «ምያለሁ፤ ይቅር።»

ኑሬ ብሩን መልሶ ጫነ። በማግስቱ ቅዳሜ፣ አርባኛው ቀን፣ ባቡሩ እየጮኸ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ራህመቶ ጣቢያው አጥር ላይ ቆሞ እስኪጠፋ አየው። እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ወለሉን ጠረግሁ፤ አንዲት ፍሬ ጥግ ላይ ወድቃ አግኝቼ መልሼ ቅሉ ውስጥ ከተትኳት። ቅሉን ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም፤ ራህመቶም ጣይው አላለኝም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ባለኝ። ገበያው ፈረደበት። «እውነት ቢኖረው ይሟገት ነበር» አሉ። ያደንቁት የነበሩትም አፍንጫቸውን ያዙ። ከአቦምሳ የሚመጡት ባለ ቆዳዎች በዱቤ መስጠት አቆሙ። ጆቴን አሰናበትነው። ራህመቶ አሞሌና ተራ ጨው እየሰፈረ መሸጥ ጀመረ፤ ድንፋታው ጠፋ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ቀስ ብሎ ሆነ። ቤት አለን፤ አዎ። ቤቷ ውስጥ ግን ሰው የሚስቅ የለም። ማታ ጣራውን እያየ ሲተኛ፣ ጀግናውን ባሌን በሠላሳ ፍሬ አስሬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እያልኩ ነደድኩ።

በግንቦት ደገፋ መጣ። ደገፋ የሞጆ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ለዚያው ለሙሴ ያኒ ያስረከበውን ቆዳ፣ ያው ኩባንያ በዚያው ወር በስብሷል ብሎ መልሶበታል። እሱ ግን ስድስት በቅሎ ሸጦ፣ ተበድሮም ኤደን ወርዷል። «አከም ጅርታ ራህመቶ!» እያለ በኦሮምኛ ሰላምታ ገባ። አዲስ ኮት ለብሷል።

«ነጋ» ብሎ ደኅንነቱን በዚያው ቋንቋ መለሰለት ራህመቶ። «ምን ተፈረደ?»

«ረታሁ!» አለ ደገፋ። «አምስት ጊዜ ተቀመጡና ፈረዱልኝ። ሺህ አምስት መቶ ብር ወጪ አውጥቼ ነበር፤ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የተረታ የረቺውንም ወጪ ይክፈል! የሽማግሌዎቹን፣ የጠበቃዬን፣ የባቡሬን፣ የበላሁትን ሩዝ ሳይቀር ቆጥረው መለሱልኝ።»

«ይመለሳል?» አልኩ። «ወጪው ይመለሳል?»

ለካስ ይመለሳል። እኛ ማን ነግሮን! ሽማግሌ ካስታረቀ በኋላ የታረደውን ሙክት ዋጋ መልስልኝ የሚል ሰው ከየት ይመጣል? አያ ደሊልን ኋላ ብይዛቸው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ልጄ። ሲከፍሉ እንጂ ሲመለስላቸው አላየሁም» አሉኝ።

ደገፋ ግን አልጨረሰም ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽማግሌዎቹ የኩባንያውን መዝገብ አስመጥተው ነበር። የአዳማው ቆዳም እዚያው ተጽፏል። አንደኛ ደረጃ ተብሎ ማርሴይ ላይ ተሽጧል። አንደኛ ደረጃ፣ ራህመቶ! አንዱ ሽማግሌ ‹ይህ የአዳማው ሰውዬ የት አለ? ለምን አልመጣም?› ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?»

«አሁንስ አይቻልም?» አለ ራህመቶ።

«ጠይቄልህ ነበር። አርባ ቀኑ አልፏል አሉ።»

ደገፋ ሲወጣ ሁለታችን ቀረን። ጨው መስፈሪያው መካከላችን ላይ አለ። ከእንግዲህ ብደብቀው ሆዴ ይፈነዳል አልኩ።

«ራህመቶ» አልኩት። «ግደለኝ ከፈለግህ። በዚያ ጁምዓ መስጊድ ሳለህ ሠላሳ ፍሬ ጨምሬበታለሁ። ምዬ ሳለሁ ጨመርኩ። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።»

ይጮኻል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልጮኸም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከየት አወቅህ?»

«መቶ ሰማንያ አንድ ነበር መሆን የነበረበት።»

«መቶ ሃምሳ ስድስት ነበር እንጂ! ሐሙስ ዕለት ቆጥሬዋለሁ።»

«እኔም ቆጥሬዋለሁ። ሐሙስ መቶ ሃምሳ ስድስት ነበር። ዓርብ ጧት አንቺ ውሃ ስትቀጂ መቶ ሰማንያ አንድ ሆነ። አንድ ብቻ እንዲያልፍ ብዬ ሃያ አምስት ጨመርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሲል ያን ጊዜ አወቅሁ።»

«ስሜ ነው ያልክ አንተ አይደለህም? ቤቱን ካልሸጥኩ ያልክ?»

«ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ቶይባ» አለኝ። እንባው መጣ፤ ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «ፈራሁ። በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ቤቴን በልተው ቢያባርሩኝስ ብዬ ፈራሁ። ሠላሳ ቀን ገበያ ላይ ስደነፋ ከርሜ፣ ፈራሁ ብዬ ለማን ልናገር? ሚስቴ ታስቆመኛለች ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ማልሽ።»

አምስት ወር ሙሉ፣ እኔ ጀግና አሰርኩ ብዬ ስነድ፣ እሱ ደግሞ ሚስቴ ፈሪነቴን አውቃ ሸፈነችልኝ እያለ አንገቱን ደፍቶ ኖሯል። ያን ሐሙስ አንዳችን «ፈርቻለሁ» ብንል ኖሮ ሌላው እጁን ይይዝ ነበር፤ ምናልባትም ተያይዘን እንሄድ ነበር። ይህን ሳስበው ነው ያለቀስኩት እንጂ ለብሩ አይደለም።

ተነሣሁ። ቅሉን ከመደርደሪያው አውርጄ ጨርቁን ፈታሁ። ጓሮ ወጥቼ ፍሬውን ለዶሮዎቹ በተንኩላቸው። ራህመቶ ከኋላዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱም እስኪያልቅ ሁለታችን አየናቸው።